«ፋየርፍላይ»፦ ተመልካቹ ለምን ሁለት ሆነ?

«ፋየርፍላይ» እንደገና ሊሠራ ነው የሚል ወሬ ብቅ ባለ ቁጥር ያው ክርክር ይነሳል። አንዱ ወገን፣ ያለጊዜያቸው ከተቀጩ የቴሌቪዥን ሥራዎች ሁሉ እንደዚህ የሚያስቆጭ የለም ይላል። ሌላው ደግሞ፣ 14 ክፍል ብቻ ያለው ድራማ ይህን ያህል የሚወራለት ስላላለቀ ነው እንጂ ስለበለጠ አይደለም ባይ ነው። በመሀል ስሙን ሰምቶ አንድ ሁለት ክፍል የሞከረና «ጠፈር ላይ ፈረስ ምን ይሠራል?» ብሎ የተወው አለ።

ሦስቱም የሚሉት ውኃ ያነሳል። ክርክሩ ጉንጭ አልፋ የሚሆነው ሁሉም ያዩት አንድ ሥራ ስለሚመስላቸው ነው። በ2002 መገባደጃ ዓርብ ማታ በቴሌቪዥን የተከታተለ፣ ከዓመት በኋላ ዲቪዲውን የገዛ፣ ዛሬ ደግሞ በስትሪሚንግ የሚያይ ሰው የደረሳቸው ድራማ በቅደም ተከተሉም በይዘቱም ይለያያል። የልዩነቱ ትልቁ ምንጭ እዚህ ላይ ነው፤ ጣዕም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የታሪኩን ዋና ምስጢር የሚገልጥ አንድ አንቀጽም ስላለ፣ ከቦታው ስንደርስ እናስጠነቅቃለን።)

ድራማው ባጭሩ

«ፋየርፍላይ»ን የፈጠረው አሜሪካዊው ጸሐፊና ዳይሬክተር ጆስ ዊደን ነው። ሴፕቴምበር 20 ቀን 2002 በፎክስ ጣቢያ ተጀመረ፤ ዲሴምበር 20 የመጨረሻው ክፍል ተላለፈ። ከተቀረጹት 14 ክፍሎች ፎክስ ያሳየው 11ዱን ብቻ ነው።

ታሪኩ የሚካሄደው በ2517 ነው። ምድር ለሕዝቧ አልበቃ ስትል የሰው ልጅ ወደ ሌላ የፀሐይ ሥርዓት ተሰዷል። መሀል ላይ ያሉት ሀብታም ፕላኔቶች «አላያንስ» የሚባል መንግሥት መሥርተው ዳር ያሉትን ድሆች በጦርነት አስገብረዋል። ከተሸነፈው ወገን የነበረው ሳጅን ማልኮም ሬይኖልድስ (ናታን ፊሊየን) አንዲት አሮጌ የጭነት መንኮራኩር ገዝቶ፣ በጦርነቱ አብራው የነበረችውን ዞዊን (ጂና ቶረስ) ምክትሉ አድርጎ፣ ከመንግሥት ዓይን ርቆ ይኖራል። ዕቃ ያመላልሳል፣ ሥራ ሲጠፋ ኮንትሮባንድ ይጭናል፣ ሲብስበትም ይዘርፋል። መንኮራኩሯ ላይ ያሉት ሰዎች ዘጠኝ ናቸው። ከነሱ መካከል አላያንስ የሞከረባት ወጣት ሪቨር (ሰመር ግላው) እና እሷን ይዞ የኮበለለው ሐኪም ወንድሟ ሳይመን (ሾን ማኸር) ይገኙበታል።

አዲስ ተመልካች ከመጀመሪያው የሚያደናግረው ስሙ ነው። «ፋየርፍላይ» የመንኮራኩሯ ሞዴል ሲሆን የራሷ ስም «ሰሬኒቲ» ነው። «ሰሬኒቲ» ማልኮም የተሸነፈበት ሸለቆም ስም ነው፤ የድራማው የመክፈቻ ክፍል ርዕስም ነው፤ በ2005 የወጣው የሲኒማ ፊልም ርዕስም ነው። ሰዎች «ሰሬኒቲን አይቼ አልገባኝም» ሲሉ የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ ካልተጠየቁ መልስ መስጠት አይቻልም። ፊልሙን መጀመሪያ ያየ ሰው የድራማውን ፍጻሜ ከፊት አየ ማለት ነው።

ስፔስ ዌስተርን፦ ፈረሱ እዚያ ምን ይሠራል?

ዌስተርን የሚባለው እኛ «የካውቦይ ፊልም» የምንለው ነው። ሕግ ሳስቶ የደረሰበት ዳር አገር፣ ከመንግሥት ይልቅ በመሣሪያውና በቃሉ የሚተማመን ሰው፣ ከተማ ገብቶ ነገር አንስቶ የሚወጣ እንግዳ አለበት። ስፔስ ዌስተርን ይህንኑ አንስቶ ጠፈር ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከተማው ፕላኔት፣ ሠረገላው መንኮራኩር ይሆናል።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሐሳቡን ብቻ ይወስዳል። ጂን ሮደንበሪ በ1964 «ስታር ትሬክ»ን ለጣቢያዎች ያቀረበው በዘመኑ ታዋቂ ከነበረው የሠረገላ ጉዞ ድራማ ጋር አመሳስሎ፣ «ወደ ከዋክብት የሚሄድ ሠረገላ» ብሎ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ግን ፈረስ የለም። ሁለተኛው ዕቃውን ጭምር ይወስዳል። «ፋየርፍላይ» ከሁለተኛው ወገን ነው። እውነተኛ ፈረስ፣ ባለ ጎማ ሠረገላ፣ በወገብ የሚታሰር ሽጉጥ፣ ጊታርና ቫዮሊን አለበት። በአንዱ ክፍል መንኮራኩሯ የከብት መንጋ ጭና ትሄዳለች፤ እበቱም ጭምር።

የሳይንሳዊ ልብ ወለድ አንባቢ በዚህ ዓይነቱ ቅልቅል የተጠራጠረው «ፋየርፍላይ» ከመምጣቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። «ጋላክሲ» የተባለው መጽሔት በኦክቶበር 1950 የመጀመሪያ ዕትሙ ጀርባ ላይ ሁለት አንቀጾች ጎን ለጎን አትሞ ነበር። አንዱ ስለ መንኮራኩር፣ ሌላው ስለ ፈረሰኛ የሚያወራ ሆኖ፣ ዓረፍተ ነገሮቹ ከጥቂት ቃላት በስተቀር አንድ ነበሩ። መጽሔቱ እንዲህ ያለ ነገር እኛ ዘንድ አታገኙም ብሎ ቃል ገባ። ትችቱ ግልጽ ነው፤ ጨረር ተኳሽን በሽጉጥ ቦታ መተካት ፈጠራ አይባልም።

«ፋየርፍላይ» ለዚህ መልስ አለው፤ መልሱም የኢኮኖሚ ነው። አላያንስ ፕላኔቱን ለሰው እንዲመች ካደረገ በኋላ ሰፋሪውን በብርድ ልብስና በመጥረቢያ፣ ዕድለኛ ከሆነም ከጥቂት ከብት ጋር አራግፎት ይሄዳል። ነዳጅ፣ መለዋወጫና ጥገና በሌለበት ቦታ ሞተር ሲሰበር ተሰበረ ነው። ፈረስ ግን ሣር በልቶ ይሠራል፤ ይወልዳልም። ስለዚህ ፈረሱና መንኮራኩሩ አንድ ቦታ መታየታቸው የድህነቱ ምልክት ነው፤ መሀል ያሉት ፕላኔቶች ላይ ፈረስ የለም፣ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ነው ያለው። ይህን የሚያስረዳው ንግግር ግን የሚገኘው በመክፈቻው ክፍል ውስጥ ነው፤ ፎክስም የመክፈቻውን ክፍል ያሳየው በመጨረሻ ነው። «ጠፈር ላይ ፈረስ ምን ይሠራል?» ያለው ተመልካች መልሱን ሳይሰማ ነው የሄደው።

በነገራችን ላይ፣ ማልኮምን ካውቦይ ከማለት በእኛ ቋንቋ የተሻለ ስም አለው። ሽፍታ ነው። ወንበዴ ማለታችን አይደለም፤ ለአሸናፊው አልገዛም ብሎ ጫካ የገባ፣ ለመብላት የሚዘርፍ፣ ነገር ግን የራሱ ወሰን ያለው ሰው ማለታችን ነው። የቋራው ካሳ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ከመባሉ በፊት የኖረበትን ዓይነት ኑሮ የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ሰው ጠባይ ለመረዳት የአሜሪካን ምዕራብ ታሪክ ማጥናት አያስፈልገውም።

ቅደም ተከተሉ ሲፋለስ

ዊደን ለመክፈቻ ያዘጋጀው «ሰሬኒቲ» የሁለት ሰዓት ፕሮግራም ነበር፤ ያለ ማስታወቂያ 86 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። በጦርነቱ ይጀምራል። ማልኮም የአየር ድጋፍ እየመጣ ነው ብሎ ወታደሮቹን ሲያበረታታ ይቆይና ቀና ሲል የሚወርዱት የጠላት መንኮራኩሮች ናቸው። ከዚያ ዓመታት ያልፋሉ፤ ያው ሰው የተጣለ መንኮራኩር ውስጥ ገብቶ ዕቃ ሲሰርቅ እናገኘዋለን። ቀጥሎ እነ ሳይመን ተሳፋሪ ሆነው ይገባሉ፣ ሪቨር ሳጥን ውስጥ ተኝታ ትገኛለች፣ ተሳፋሪ መስሎ የገባ የመንግሥት ሰላይም ይጋለጣል። መጨረሻ ላይ ሰላዩ የሪቨር ራስ ላይ ሽጉጥ ደግኖ ሲደራደር ማልኮም ከውጭ እየተጣደፈ ይገባና እርምጃውን እንኳ ሳይገታ ተኩሶ ይጥለዋል። ንግግር የለም፣ ዛቻ የለም። ሰውየው ምን ዓይነት እንደሆነ በሁለት ሰከንድ ታወቀ።

የጣቢያው ሰዎች ግን ክፍሉ ከባድ ነው፣ ካፒቴኑም ጨለምተኛ ነው አሉ። ሌላ መክፈቻ ጻፉ ተባለ። ዊደንና የሥራ ባልደረባው ቲም ሚኒር በአንድ የሳምንት መጨረሻ «ዘ ትሬይን ጆብ»ን (የባቡሩ ሥራ) ጻፉ። መጠጥ ቤት ውስጥ በሚነሳ ግብግብ ይጀምራል፣ ወደ ባቡር ዝርፊያ ያልፋል። የተዘረፈው ለታመመ ከተማ የተላከ መድኃኒት መሆኑ ሲታወቅ ማልኮም ይመልሰዋል። ገንዘቡን ሊመልስለት ሲሞክር አሳድጄ እገድልሃለሁ ያለውን የቀጣሪውን ጠንካራ ሰው ደግሞ በእግሩ ገፍቶ የሚዞረው ሞተር ውስጥ ይጨምረዋል። በራሱ የማይናቅ ክፍል ነው።

ችግሩ የተጫነበት ሸክም ነው። በ44 ደቂቃ ውስጥ ዘጠኝ ሰው ማስተዋወቅ፣ ጦርነቱን ማስረዳት፣ የእህትና ወንድሙን ሽሽት መግለጽ፣ በዚያ ላይ ዝርፊያውን መጨረስ ነበረበት። ስለዚህ በመክፈቻው እያየን ልናውቃቸው የነበሩ ነገሮች እዚህ በንግግር ተነገሩ። ሳይመን መንኮራኩሯ ላይ ለምን እንዳለ፣ ማልኮም ለምን እንደታገሠው በወሬ ሲሰማ አያሳምንም። ድራማው «ሰዎቹ ላይ ላዩን የተሳሉ ናቸው» የሚለውን ትችት ያተረፈው በብዛት ከዚህ የተነሳ ነው።

ከዚያም በኋላ ቅደም ተከተሉ አልተጠበቀም። ስድስተኛ እንዲሆን የታሰበው «አወር ሚስስ ሬይኖልድስ» ሦስተኛ ሆኖ ተላለፈ፤ አራተኛውና አምስተኛው ወደ ኋላ ተገፍተው ስድስተኛና ሰባተኛ ሆኑ። በኦክቶበር አንድ ዓርብ በቤዝቦል ውድድር ተዘለለ፤ ከኖቬምበር 15 በኋላ እስከ ዲሴምበር 6 ድረስ ደግሞ ምንም አልታየም። «ትራሽ» የሚባለው ክፍል የ«አወር ሚስስ ሬይኖልድስ»ን አታላይ ሴት መልሶ የሚያመጣ ተከታይ ነው፤ ፎክስ ካላሳያቸው ሦስት ክፍሎች አንዱ እሱ ነው።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው «አውት ኦፍ ጋዝ» (ነዳጅ ሲያልቅ) በተባለው ክፍል ነው። ብዙ ተመልካች ከሁሉ የሚያስበልጠው ክፍል ይህ ነው። የሞተሩ አንድ ትንሽ ዕቃ ይበላሻል፣ እሳት ይነሳል፣ አየር የሚሰጠው መሣሪያ ይቆማል። ማልኮም ሌሎቹን በትንንሾቹ ተጓዳኝ መንኮራኩሮች አሳፍሮ ይሸኝና ብቻውን ይቀራል፤ ቆስሎ ወለል ላይ እየተሳበ ያን ዕቃ ሊገጥም ይሞክራል። ታሪኩ በሦስት ጊዜያት መካከል ይመላለሳል። አሁን ያለው ቀዝቃዛና ሰማያዊ ቀለም አለው፤ መንኮራኩሯን የገዛበትና ሰዎቹን አንድ በአንድ ያገኘበት ያለፈው ጊዜ ደግሞ ሞቅ ያለ ቀለም አለው። የሥነ ጽሑፍ ሥራው ድንቅ ነው። ነገር ግን የሚሠራው ተመልካቹ እነዚህን ሰዎች ወድዷቸው ከቆየ ብቻ ነው። «እንዴት ተገናኙ?» የሚለው ትዝታ ዋጋ የሚኖረው አብረው ሲኖሩ ካየናቸው በኋላ ነው። ስምንተኛ እንዲሆን የታሰበውን በአምስተኛ ደረጃ፣ የመክፈቻውን ክፍል ገና ሳያይ ያገኘው የ2002 ተመልካች የማያውቃቸውን ሰዎች ትዝታ ነበር የሚያየው።

ሌላው ወገን እዚህ ላይ የሚያነሳው ነገር መዘለል የለበትም። ክፍሎቹ እያንዳንዳቸው በራሳቸው የሚዘጉ ስለሆኑ መገለባበጡ ያን ያህል አይጎዳም ይላሉ። ከዚህም በላይ፣ የቅደም ተከተሉ መፋለስ የመጀመሪያውን ማታ የተመልካች ቁጥር ሊያስረዳ አይችልም፤ ያን ማታ ቴሌቪዥኑን የከፈተም ያልከፈተም ሰው ምን እንደተገለባበጠ አያውቅም ነበር። ትክክል ናቸው። መፋለሱ የመጡትን እንዳይቆዩ አድርጓል፤ ያልመጡት ያልመጡበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ማስታወቂያው ድራማውን ቀልደኛ የጀብዱ ሥራ አስመስሎ አቅርቦት ነበር፤ ያን ብሎ የመጣ ሰው ሌላ ነገር አገኘ። ሰዓቱም ዓርብ ከምሽቱ 2 ሰዓት (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 8 ሰዓት)፣ ወጣቱ ከቤት የሚወጣበት ነበር።

ዓርብ ሁሉን ገዳይ ነው የሚለው አባባልም ቢሆን ተጋኗል። ፎክስ ራሱ «ዘ ኤክስ ፋይልስ»ን በ1993 ያስጀመረው ዓርብ ማታ ነው።

4.7 ሚሊዮን ሰው ትንሽ ነው?

የ«ፋየርፍላይ» አማካይ ተመልካች 4.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በዓመቱ የደረጃ ሰንጠረዥ 98ኛ። ዛሬ ለሚሰማው ሰው ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል። በዚያው ዓመት አንደኛ የነበረው የወንጀል ምርመራ ድራማ «ሲኤስአይ» በአማካይ ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ይከታተለው ነበር።

የአሜሪካ ነጻ ጣቢያ ተመልካቹን ገንዘብ አይጠይቅም። የሚሸጠው ተመልካቹን ለማስታወቂያ ድርጅት ነው፤ ዋጋው የሚቆረጠውም በተለይ ዕድሜው ከ18 እስከ 49 በሆነው ሰው ብዛት ነው። ቁጥሩን የሚያቀርበው ኒልሰን የተባለው ድርጅት ነው። በዚያ ዘመን በመላ አገሪቱ 5 ሺህ በሚሆኑ ቤቶች ውስጥ መቁጠሪያ መሣሪያ አስቀምጦ፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ የሚሆነውን ቴሌቪዥን ያለው ቤት በነሱ ይገምት ነበር። አንድ ቤት ወደ 20 ሺህ ቤት ይወክል ነበር ማለት ነው። በዲጂታል መቅጃ ቀድቶ በኋላ የሚያየው በሰባት ቀን ሒሳብ ውስጥ መካተት የጀመረው በ2005 መጨረሻ ነው። መለኪያው ማን እንዳየ ይቆጥራል፤ ምን ያህል እንደወደደው አይመዝንም። አንድን ድራማ አሥር ጊዜ ደጋግሞ የሚያይ፣ ዲቪዲውን ለጓደኛ ገዝቶ የሚሰጥ ሰው እንደ ማንኛውም ሰው አንድ ነው።

ይህ ውዴታ የታየው በዲሴምበር 2003 ዲቪዲው ሲወጣ ነው። ክፍሎቹ 14ቱም፣ በታሰበው ቅደም ተከተል፣ ያልታዩትም ጭምር ተካተው ነበር። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ። ፎክስ የተወውን ዩኒቨርሳል አነሳውና በ39 ሚሊዮን ዶላር ወጪ «ሰሬኒቲ» የሲኒማ ፊልም ሆኖ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2005 ወጣ። የተሰረዘ ድራማ ወደ ሲኒማ ሲያድግ ብርቅ ነው።

ፊልሙ በመላው ዓለም ያስገባው ግን 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከሲኒማ ቤት ትኬት ግማሽ ያህሉ ለሲኒማ ቤቱ ስለሚቀር፣ የማስተዋወቂያው ወጪም ከ39ኙ ሚሊዮን ውጭ ስለሆነ፣ ከትኬቱ ብቻ ወጪውን አልመለሰም። «ፎክስ ገደለው» የሚለውን ክርክር የሚያከብደው ይህ ቁጥር ነው። በ2005 የቅደም ተከተል ችግር የለም፣ ዓርብ ማታ የለም፣ ቤዝቦል የለም፤ ሕዝቡ ግን አሁንም አልመጣም። አድናቂው ጽኑ ነበር እንጂ ብዙ አልነበረም።

ጽኑ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ካስፈለገ፣ ናሳ በ2009 ለዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ አዲስ ክፍል ስም በሕዝብ ድምፅ ሲያስመርጥ፣ ከቀረቡት አማራጮች መካከል «ሰሬኒቲ» 70 በመቶ አገኘ። የቴሌቪዥን ቀልደኛው ስቲቨን ኮልበር ተመልካቾቹን ቀስቅሶ የራሱን ስም በማስጻፍ በለጠው፤ ናሳም ሁለቱንም ትቶ «ትራንኩዊሊቲ» አለው።

ተሸናፊዎቹ እነማን ናቸው?

እስካሁን ያየነው መደማመጥ ከተቻለ የሚቃለል ነው። የሚከተለው ግን በቅደም ተከተል ማስተካከል አይፈታም።

ዊደን ሐሳቡ የመጣለት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስለተካሄደው የጌቲስበርግ ውጊያ የተጻፈ ልብ ወለድ ሲያነብ መሆኑን ተናግሯል። ማልኮምን የሳለው ከጦርነቱ በኋላ ወደ ምዕራብ በሄዱት ተሸናፊ ወታደሮች አምሳል ነው። እነዚያ ተሸናፊዎች ደግሞ ባርነትን ለማቆየት የተዋጉት የደቡብ ክልሎች ሰዎች ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ «እኛ የተዋጋነው ለክብራችንና ለነጻነታችን እንጂ ለባርነት አይደለም» የሚል ተረክ ተፈጥሮ ነበር። ተቺዎች «ፋየርፍላይ» ባርነቱን አውጥቶ ክብሩን ብቻ በማስቀረቱ ይህንኑ ተረክ ሳያውቅ አድሷል ይላሉ።

ደጋፊዎች የሚመልሱት በድራማው ውስጥ ባሪያ ነጋዴ እንዳለና ማልኮም ጠላቱ እንደሆነ በመጥቀስ ነው። «ሺንዲግ» የሚጀምረው ከባሪያ ነጋዴ ኪስ ገንዘብ ሲመነትፍ ነው። ምክትሉ ዞዊን የምትጫወተው ጥቁር ተዋናይ መሆኗንም ያነሳሉ። መልሱ ስለ ማልኮም ሰውነት በቂ ነው፤ ስለ ተረኩ ቅርጽ ግን በቂ አይመስልም። ባሪያ ነጋዴው አንድ ትዕይንት ላይ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ሰው ነው እንጂ የጦርነቱ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው ቻይና ነው። በታሪኩ የአሜሪካና የቻይና ባህል ተዋህዷል፤ ሰዎቹ በቻይንኛ ይሳደባሉ፣ ግድግዳው ላይ የቻይና ጽሑፍ አለ። ስድቡ የጣቢያውን ሳንሱር ለማለፍም ረድቷል። ከዘጠኙ ዋና ሰዎች ግን አንድም ቻይናዊ ተዋናይ የለም፤ አነጋገራቸውም ለቋንቋው ባለቤቶች ብዙ ጊዜ አይገባም። እዚህ ላይ የደጋፊዎቹ መከላከያ ሳስቷል።

ሦስተኛው ላይ ከመሄዳችን በፊት፣ ፊልሙን ያላየ የሚቀጥለውን አንቀጽ ቢዘል ይሻለዋል።

ከጠፈሩ ዳር እየመጡ ሰው የሚበሉት «ሪቨርስ» (ከወጣቷ ሪቨር ስም ጋር አይገናኝም) በድሮ የካውቦይ ፊልሞች ቀይ ሕንዶች ያለ ፊትና ያለ ንግግር የሚቀርቡበትን ቦታ ይዘዋል፤ ድራማውን ብቻ ያየ ሰው ይህን ቢተች ልክ ነው። የ2005ቱ ፊልም ግን አላያንስ ሚራንዳ በተባለች ፕላኔት ሰውን ለማረጋጋት አየር ውስጥ የለቀቀው መድኃኒት የፈጠራቸው መሆናቸውን ይገልጣል። አረመኔው ከዳር አልመጣም፤ ከመሀል አገር ቢሮ ነው የወጣው። ፊልሙን ያየና ያላየ ሰው በዚህ ነጥብ ላይ ሲከራከሩ ሁለቱም በያዙት መረጃ ትክክል ናቸው። ያው ፊልም ሁለት ተወዳጅ ሰዎችን ስለሚገድል አድናቂውን ራሱን ከፍሎታል።

በላዩ ላይ የፈጣሪው ስም ጉዳይ ተጨመረ። በ2020 ተዋናዩ ሬይ ፊሸር፣ በ2021 ተዋናይቷ ካሪስማ ካርፔንተር በሌሎች ሥራዎቹ ላይ ስለነበረው አያያዝ በይፋ ወቀሱት፤ ዊደን ከክሶቹ ብዙዎቹን አልተቀበለም። ለአንዳንዱ ተመልካች ይህ ድራማውን የሚያዩበትን ዓይን ለውጦታል፤ ሌላው ሥራው የተዋንያኑና የሠራተኞቹም ነው ይላል።

ያው ችግር በስትሪሚንግ ዘመን

ቅደም ተከተል የጣቢያ ዘመን ችግር ብቻ አይደለም። የ«ስታር ዋርስ» ዓለም ድራማ የሆነው «ዘ ማንዳሎሪያን» በኖቬምበር 2019 ሲጀምር ብቸኛ ቀጣሪ ተኳሽና አንድ ሕፃን የያዘ ንጹህ የካውቦይ ታሪክ ነበር። ሁለተኛው ምዕራፍ በዲሴምበር 2020 ያለቀው ሁለቱ ተለያይተው ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ በማርች 2023 ሲከፈት አብረው ናቸው። መገናኘታቸው የታየው በመሀል በወጣው በሌላ ሰው ስም በተሰየመ ድራማ፣ «ዘ ቡክ ኦፍ ቦባ ፌት» መጨረሻ ክፍሎች ውስጥ ነው። ያን ያላየ ሰው የዋናውን ታሪክ ስሜታዊ መደምደሚያ አጣ። «ሦስተኛው ምዕራፍ ወረደ» ከሚሉት መካከል ከፊሎቹ የሚያማርሩት ከዚህ ክፍተት ነው።

የጃፓኑ አኒሜሽን «ካውቦይ ቢባፕ» ደግሞ በ1998 ቲቪ ቶኪዮ ላይ ከ26 ክፍሎቹ ግማሽ ያህሉ ብቻ ታይተው፣ ሙሉው በሌላ ጣቢያ ነው የተላለፈ። ያም ሆኖ ስሙ አልተጎዳም፤ አብዛኛው ክፍል እንደ አጭር ልብ ወለድ በራሱ የሚቆም ነው። ስለዚህ መቆራረጥ የሚገድለው የሰዎቹን ዝምድና ቀስ በቀስ የሚገነባውን ዓይነት ነው። «ፋየርፍላይ» እንዲህ ያለው ነው። ኔትፍሊክስ «ቢባፕ»ን በተዋንያን ሠርቶ ኖቬምበር 19 ቀን 2021 አወጣና ዲሴምበር 9 ሰረዘው። ወደ 74 ሚሊዮን ሰዓት ታይቶ ነበር፤ በኖቬምበር 29 በጀመረው ሳምንት ግን እይታው 59 በመቶ ወደቀ። ፎክስ ሦስት ወር ያህል ታግሦ ነበር፤ ኔትፍሊክስ ሦስት ሳምንት አልሞላውም።

አሁን ለማየት የሚያስብ ሰው

ከመጀመር በፊት ዝርዝሩ ላይ የመጀመሪያው ክፍል 86 ደቂቃ ገደማ የሚረዝመው «ሰሬኒቲ» መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በባቡሩ ዝርፊያ ከጀመረ ዝርዝሩ የፎክስን ቅደም ተከተል የያዘ ነውና በክፍል ቁጥር ሳይሆን በርዕስ መሄድ ይሻላል፦ ከ«ሰሬኒቲ» ቀጥሎ «ዘ ትሬይን ጆብ»፣ «ቡሽዋክድ»፣ «ሺንዲግ»፣ «ሴፍ»፣ «አወር ሚስስ ሬይኖልድስ»፣ «ጄይንስታውን»፣ «አውት ኦፍ ጋዝ»፣ «ኤሪየል»፣ «ዎር ስቶሪስ»፣ «ትራሽ»፣ «ዘ ሜሴጅ»፣ «ኸርት ኦፍ ጎልድ»፣ «ኦብጀክትስ ኢን ስፔስ»። የ2005ቱ ፊልም ከሁሉም በኋላ ነው፤ 119 ደቂቃ ይወስዳል። ጠቅላላው 13 ሰዓት ገደማ ነው።

ሦስት ነገሮች ብልሽት ይመስላሉ፤ አይደሉም። መንኮራኩሮቹ ጠፈር ላይ ሲበሩ ድምፅ የላቸውም፤ አየር በሌለበት ድምፅ ስለማይተላለፍ ሆን ተብሎ ጊታር ወይም ዝምታ ብቻ ነው የሚሰማው። ቻይንኛው ሲነገር ደግሞ የጽሑፍ ትርጉም አይወጣም፤ ሲሠራም እንዲሁ ነው። ካሜራው መንቀጥቀጡና ዒላማውን አልፎ መመለሱም በእጅ የተያዘ እንዲመስል የታሰበ ነው፤ በኮምፒውተር የተሠሩት የጠፈር ትዕይንቶች ላይ ሳይቀር። በ2003 ኤሚ ሽልማት ያገኘው በእይታ ውጤቱ ነው።

የመክፈቻው ክፍል ካልሳበዎት አይፍረዱበት፤ «አወር ሚስስ ሬይኖልድስ» ድረስ ይሞክሩ። «አውት ኦፍ ጋዝ» ላይ ደርሰው፣ ማልኮም ብቻውን ያን ዕቃ ሊገጥም ሲሳብ አሁንም ምንም ካልመሰለዎት ግን የቀሩት ስድስት ክፍሎች ሐሳብዎን አያስለውጡም።